ብርሃን ሥራ ሲይዝ፦ ናኖ ቁሶች፣ ሶላርና የምዕራብ ጎጃም ውሃ

ከፍኖተ ሰላም ተነስቶ ወደ ቡሬ የሚጓዝ ሰው በመንገዱ ግራና ቀኝ ያሉትን የገጠር ቤቶች ካስተዋለ፣ አንዳንዱ ቆርቆሮ ላይ ትንሽ ጥቁር ወይም ሰማያዊ ሰሌዳ ማየቱ አይቀርም። ሶላር ናት። ማታ ልጆች የሚያጠኑበትን አምፖል ታበራለች፣ ስልክ ትሞላለች። መብራት ባልደረሰበት ቀበሌ ያለ መስጂድም የአዛኑ ድምፅ ማጉያ የሚሠራበትን ባትሪ የሚሞላው በእርሷ ነው። ከዚያው ቤት ደጅ ደግሞ ልጅቱ ጀሪካን አዝላ ከምንጭ ወይም ከወንዝ ስትመለስ ትታያለች።

ሶላሯና ጀሪካኑ የሚገናኙ አይመስሉም። የቁስ ሳይንስ ተመራማሪዎች ግን ሁለቱን በአንድ ጥያቄ ያያይዟቸዋል፦ የፀሐይ ብርሃን ቁስ ላይ ሲያርፍ የሚሰጠውን ኃይል እንዴት ሥራ እናስይዘው? ኃይሉን በሽቦ ካወጣነው ኤሌክትሪክ ይሆናል። እዚያው ውሃ ውስጥ ከለቀቅነው ደግሞ ቀለምንና ጀርምን ይሰባብራል። የመጀመሪያው ሶላር ሴል፣ ሁለተኛው ፎቶካታሊሲስ ይባላል። ለሁለቱም ዛሬ ተመራማሪዎች የሚሠሩባቸው ቁሶች እጅግ ጥቃቅን ናቸው፤ ናኖ ቁሶች ይባላሉ። በዚህ ጽሑፍ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ፣ በአገራችን እነማን እንደሠሩበትና ለእንደ ምዕራብ ጎጃም ላለ አካባቢ ምን ያህል እንደቀረበ እንመለከታለን።

ናኖ ማለት ምን ያህል ነው?

አንድ ናኖ ሜትር የአንድ ሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት በግምት 80,000 ናኖ ሜትር ይሆናል። ናኖ ቁስ የሚባለው ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 100 ናኖ ሜትር መጠን ያለው ነው።

ማነስ ለምን ይጠቅማል? የቡሬን በርበሬ የሚያውቅ ሰው መልሱን ያውቀዋል። አንድ ዛላ በርበሬ እንዳለ ወጥ ውስጥ ቢጣል ቀለሙንም ማቃጠሉንም በደንብ አይሰጥም። ተደልዞ፣ ተፈጭቶ፣ ተነፍቶ ሲገባ ግን ያው አንድ ዛላ ድስቱን ያቀላዋል። በርበሬው አልጨመረም፤ ከወጡ ጋር የሚነካካው ገጹ ነው የሰፋው። ቁጥሩን እናስላው። እያንዳንዱ ጎኑ 1 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጠጣር ቁስ ዙሪያ ገጹ 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ያንኑ ቁስ ጎናቸው 10 ናኖ ሜትር ወደሆነ ቅንጣቶች ብንከትፈው የገጹ ድምር 600 ካሬ ሜትር ይሆናል። በጣት ጫፍ የሚያዝ ነገር የሦስት ባለ 200 ካሬ ቦታ ስፋት አገኘ ማለት ነው። ብርሃን የሚያርፈውም፣ ከውሃው ጋር ሥራው የሚሠራውም በገጹ ላይ ስለሆነ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ማነስ ሌላም ጠባይ ያመጣል። የክራር ክር ሲያጥር ድምፁ እንደሚቀጥነው፣ አንዳንድ ቁስ ቅንጣቱ ሲያንስ ቀለሙ ይለወጣል። ካድሚየም ሰሌናይድ የሚባለው ቁስ 6 ናኖ ሜትር አካባቢ ሲሆን ቀይ ያበራል፣ ወደ 2 ናኖ ሜትር ሲወርድ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። የተሠራበት ነገር ያው ነው፤ የተለወጠው መጠኑ ብቻ ነው። እንዲህ ያሉት ቅንጣቶች ኳንተም ዶት ይባላሉ። በ2023 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት የተሰጠው ለእነዚህ ቅንጣቶች ሲሆን፣ ከሦስቱ ተሸላሚዎች አንዱ ሙንጂ ባዌንዲ አባቱ ቱኒዚያዊ ናቸው።

ስሙ አዲስ ይሁን እንጂ ሥራው የቆየ ነው። በ9ኛው ክፍለ ዘመን በዐባሲያ ዘመን የኢራቅ ሸክላ ሠሪዎች እንደ ብረት የሚያብረቀርቅ የሸክላ ሽፋን ይሠሩ ነበር። ዛሬ በመሣሪያ ሲታይ ብልጭታው የሚመጣው ከብርና ከመዳብ ናኖ ቅንጣቶች መሆኑ ታውቋል። ሠሪዎቹ ቅንጣቶቹን አላዩዋቸውም፤ የምድጃውን ሙቀትና ጭሱን መቆጣጠር ግን ያውቁ ነበር። የዛሬው ተመራማሪ ከእነርሱ የሚለየው የሚሠራውን ማየትና መለካት በመቻሉ ነው።

አጥሩን መዝለል

ሴሚኮንዳክተር በሚባሉት ቁሶች ውስጥ ኤሌክትሮኖች በተለምዶ ታስረው ይቀመጣሉ። ነፃ ሆነው ለመንቀሳቀስ አንድ የኃይል አጥር መዝለል አለባቸው። ብርሃን ኃይሉን በትንንሽ ጥቅል ይዞ ይመጣል። ጥቅሉ ከአጥሩ ቁመት የሚበልጥ ከሆነ ኤሌክትሮኑን ያዘልለዋል፤ ካነሰ ግን ሺህ ጥቅል ቢመጣም አይረዳም። ኤሌክትሮኑ ሲዘል በነበረበት ቦታ ክፍት ጉድጓድ ይቀራል። የዘለለው ኤሌክትሮንና የቀረው ጉድጓድ ከተውናቸው በቅጽበት መልሰው ይገናኛሉ፣ ኃይሉም ሙቀት ሆኖ ይባክናል። የዚህ ሳይንስ ልፋት ሁሉ ሁለቱ ሳይገናኙ በፊት ሥራ ማስያዝ ነው ብንል ብዙም አልተሳሳትንም።

በሶላር ሴል ውስጥ ኤሌክትሮኑ በአንድ በኩል፣ ጉድጓዱ በሌላ በኩል እንዲወጣ ተደርጎ በሽቦ ይዞራል። በፎቶካታሊሲስ ግን ሽቦ የለም። ሁለቱም ወደ ቅንጣቱ ገጽ ወጥተው በአጠገባቸው ካለው ውሃና ኦክስጅን ጋር ይጋጫሉ፤ ከዚያም ያገኙትን የሚያጠቁ፣ ዕድሜያቸው እጅግ አጭር የሆነ ሞለኪውሎች ይፈጠራሉ። እነዚህ የቀለምን ሞለኪውል ይሰብራሉ፣ የባክቴሪያን ሽፋን ይበሳሉ። ሥራው እስከ መጨረሻው ከሄደ ከኦርጋኒክ ቆሻሻው የሚቀረው በአብዛኛው ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው።

የሶላሩ መንገድ

ጣሪያችን ላይ ያለው ሰሌዳ አብዛኛውን ጊዜ ሲሊከን ነው። ሥራ ላይ ሊውል የሚችለው የመጀመሪያው የሲሊከን ሴል በ1954 በአሜሪካው ቤል ቤተ ሙከራ ሲሠራ ከሚያርፍበት ብርሃን 6 በመቶ አካባቢ ብቻ ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጥ ነበር። ዛሬ ገበያ ላይ ያለው ጥሩ ሰሌዳ ከ20 በመቶ በላይ ይለውጣል። ኢትዮጵያ ላይ በአማካይ በቀን በካሬ ሜትር ከ5 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ የፀሐይ ኃይል ያርፋል ተብሎ ይገመታል። ስለዚህ አንድ ካሬ ሜትር ጥሩ ሰሌዳ በጥሩ ቀን ወደ 1 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሰጣል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የጎጃም ደመና ሲከብድ ይህ እንደሚቀንስ ተጠቃሚው ራሱ ያውቀዋል።

ናኖ ቁሶች በዚህ መንገድ የገቡት በ1991 ነው። ብሪያን ኦሪገንና ሚካኤል ግሬትዘል በስዊዘርላንድ ሆነው፣ ለነጭ ቀለም መሥሪያ የሚያገለግለውን ርካሽ የቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ዱቄት በናኖ ቅንጣት መልክ ደርድረው፣ በላዩ ብርሃን የሚውጥ ማቅለሚያ ቀብተው ሴል ሠሩ። በ2009 ደግሞ የጃፓኑ ሚያሳካ ቡድን ፔሮቭስካይት የሚባል ቁስ ተጠቅሞ 3.8 በመቶ አገኘ። ቁጥሩ ትንሽ ነበር፤ ይሁንና በአሥራ አምስት ዓመት ገደማ ውስጥ በቤተ ሙከራ ከ26 በመቶ አልፏል። ብርሃን የሚውጠው የፔሮቭስካይቱ ንጣፍ ውፍረት ከአንድ ሚሊ ሜትር ሺኛ ያነሰ ነው። ችግሩ ደግሞ እርጥበት ቶሎ ያበላሸዋል፣ ከፍተኛ ውጤት የሚሰጡት ዓይነቶችም እርሳስ የተባለውን መርዛማ ብረት ይይዛሉ።

በአገራችን ይህ ምርምር እንግዳ አይደለም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ትምህርት ክፍል እንደ ፕሮፌሰር ተከተል ዮሐንስና ፕሮፌሰር ወንድማገኝ ማሞ ያሉ ምሁራን ከስዊድን ዩኒቨርሲቲዎች ጋር በመተባበር ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፉ ፖሊመሮች ሶላር ሴል ለመሥራት ለረጅም ዓመታት ሠርተዋል፤ የፕሮፌሰር ተከተል የመጀመሪያ ጽሑፎች ከ1990ዎቹ ጀምሮ የወጡ ናቸው። ወደ ጎጃም ሲቀርብ ደግሞ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው ደለለ ወርቁ በታይዋን ባደረጉት ምርምር በ2011 ከባልደረቦቻቸው ጋር ያሳተሙት ጥናት አለ። ከላይ ያነሳነውን የካድሚየም ሰሌናይድ ኳንተም ዶት በማይክሮዌቭ ማሞቂያ፣ መጠኑን እየተቆጣጠሩ በብዛት ስለማምረት የሚያትት ነው። ማይክሮዌቭ ያልነው በየቤቱ ምግብ በምናሞቅበት ዓይነት ሞገድ መሆኑን ልብ ይሏል።

በአዲስ አበባ ተወልደው በልጅነታቸው ወደ አሜሪካ የሄዱት ፕሮፌሰር ሶስና ኃይሌም ሳይጠቀሱ አይታለፉም። ለብዙ ዓመታት በካልቴክ፣ ከ2015 ጀምሮ ደግሞ በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የቁስ ሳይንስ መምህርና ተመራማሪ ናቸው። በ2010 ከስዊዘርላንድ ባልደረቦቻቸው ጋር ያሳተሙት ሥራ የተሰበሰበ የፀሐይ ሙቀትን ተጠቅሞ በሴሪየም ኦክሳይድ አማካይነት ውሃንና ካርቦን ዳይኦክሳይድን በመሰንጠቅ የነዳጅ ጥሬ ዕቃ የሚያስገኝ ነው። መንገዱ በሙቀት እንጂ በናኖ ዱቄት አይደለም፤ ግቡ ግን ከዚሁ ጋር ጎረቤት ነው።

እዚህ ላይ የራሳችንን አስተያየት እንናገር። በዓለም ላይ የሲሊከን ሰሌዳ ማምረቻው በየደረጃው ከ80 በመቶ በላይ በቻይና እጅ ነው፤ ዋጋውም ወርዷል። ከዚህ ጋር በማምረት መወዳደር ለአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ቅርብ ግብ አይመስለንም። ተማሪው ሴል መሥራትን ይማርበት፣ እውቀቱ ይቆይ፤ ነገር ግን ሌላ አገር መጥቶ የማይፈታልን የየወንዛችን የውሃ ጉዳይ ነው። የምንጩን ድፍርስነት፣ የፋብሪካውን ፍሳሽ ዓይነት፣ የክረምቱን ደመና የሚያውቀው እዚሁ ያለ ሰው ነው።

የውሃው መንገድ

ምዕራብ ጎጃም ውሃ አልተነፈገም። ግሽ ዓባይ የሚፈልቀው እዚሁ ሰከላ ውስጥ ነው። የሚጎድለው ሳይሰጉ የሚጠጣ ውሃ ነው። በፊቅህ ትምህርታችን ቀለሙ፣ ሽታውና ጣዕሙ በነጃሳ ያልተለወጠ ብዙ ውሃ ለውዱእ እንደሚበቃ ተምረናል። ለመጠጥ ግን ይህ ብቻ አይበቃም፤ ተቅማጥ የሚያመጣው ጀርም ቀለምም ሽታም ጣዕምም የለውም። ቡሬ ደግሞ የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ያለባት፣ ወደ ነቀምት የሚወስደው መንገድ የሚገነጠልባት ከተማ ናት። ኢንዱስትሪ ሲስፋፋ የፍሳሽ ጥያቄ አብሮ ይመጣል፤ አስቀድሞ ማሰቡ ይሻላል።

ፎቶካታሊሲስ በሰፊው የታወቀው በ1972 ፉጂሺማና ሆንዳ የተባሉ ሁለት ጃፓናውያን ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ላይ ብርሃን አብርተው ውሃ ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ሲሰነጠቅ ባሳዩ ጊዜ ነው። ቁሱ ርካሽ ነው፣ ውሃ ውስጥ አይሟሟም፣ ሥራውን ሠርቶም አያልቅም። እንከኑ አጥሩ ረጅም መሆኑ ነው። ኤሌክትሮኑን የሚያዘልለው አልትራቫዮሌት ብርሃን ብቻ ሲሆን፣ ምድር ላይ ከሚደርሰው የፀሐይ ኃይል ውስጥ ይህ 5 በመቶ ቢሆን ነው። የቀረው ዝም ብሎ ያልፋል። በሕፃናት የቆዳ ቅባት ውስጥ የሚገባው ዚንክ ኦክሳይድም እንዲሁ ነው። ተመራማሪዎች አጥሩን ለማሳጠር ናይትሮጅን ወይም አንድ ዓይነት ብረት በጥቂቱ ይቀላቅላሉ፤ ወይም አጭር አጥር ያለውን እንደ መዳብ ኦክሳይድ ያለ ቁስ ያጣምሩበታል። ማጣመሩ ኤሌክትሮኑና ጉድጓዱ ቶሎ እንዳይገናኙም ይረዳል።

በአገራችን በዚህ ዘርፍ ብዙ የታተመው አረንጓዴ ዝግጅት በሚባለው ዘዴ ነው። ናኖ ቅንጣት ለመሥራት በኬሚካል ፋንታ የቅጠል ጭማቂ ይጠቀማሉ፤ በቅጠሉ ውስጥ ያሉት ቅመሞች ቅንጣቶቹን ይፈጥሯቸዋል፣ እንዳይጣበቁም ይሸፍኗቸዋል። የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2020 ባሳተሟቸው ጥናቶች ቅቤ የምናነጥርበትን ኮሰረት ተጠቅመው ዚንክ ኦክሳይድ፣ ኮሶ ተጠቅመው ደግሞ የመዳብ ናኖ ቅንጣት አዘጋጅተው ባክቴሪያ ላይ ሞክረዋል። ኮሰረትና ኮሶ በጎጃምም የሚታወቁ ተክሎች ናቸው። ደስ የሚል ሥራ ነው። ሆኖም ቅጠል የገባበት ሁሉ ጉዳት የለውም ማለት አይደለም፤ ዚንኩና መዳቡ ያው ብረት ነው፣ ውሃ ውስጥ ከቀረ መጠኑ መለካት አለበት።

ታዲያ ይህ ሁሉ ካለ ለምን ገጠር አልደረሰም? የመጀመሪያው እንቅፋት ዱቄቱን ከውሃው መልሶ ማውጣት ነው። ጥቅሙን የሰጠው ማነሱ ራሱ ችግር ይሆናል። ነጠላም ሻሽም አያጠልለውም። ስለዚህ ዱቄቱን መስታወት፣ ሴራሚክ ወይም ሸክላ ላይ የማጣበቅ ሥራ ይሠራል፤ ሲጣበቅ ግን ከውሃው ጋር የሚነካካው ገጽ ይቀንሳል። ሁለተኛው ድፍርስ ውሃ ነው። ክረምት ላይ አፈር የያዘ ወንዝ ብርሃን አያሳልፍም፣ ብርሃን ከሌለ ሥራ የለም። ሦስተኛው በቤተ ሙከራና በወንዝ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ብዙው ጥናት የሚሠራው በተጣራ ውሃ ውስጥ ሜቲሊን ብሉ የሚባል ሰማያዊ ቀለም ተጨምሮ ነው። የወንዝ ውሃ ግን ጨውም፣ የበሰበሰ ቅጠልም፣ ሳሙናም አለበት፤ እነዚህ ሁሉ የዱቄቱን ኃይል ይሻማሉ። በዚህ ላይ ቅንጣቱን ለማየት የሚያስፈልገው ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ውድ በመሆኑ አንዳንድ ተመራማሪ ናሙናውን ወደ ውጭ አገር ልኮ ወራት ይጠብቃል።

በመሆኑም ገበያ ላይ “ናኖ” የሚል ጽሑፍ ያለበት የውሃ ማጣሪያ ሲቀርብ ወገኖቻችን ጠይቀው እንዲገዙ እንመክራለን። ቁሱ ምንድን ነው? ከምን ጋር ተጣብቋል? በየስንት ጊዜው ይለወጣል? የጥራት ምርመራ ውጤቱ የታለ? ፎቶካታሊሲስ እንደ ፍሎራይድና አርሴኒክ ያሉትን አጥፍቶ እንደማያስወግድም ይታወቅ፤ የሚሰባብረው ኦርጋኒክ ነገርንና ጀርምን ነው። ሁሉንም አጠራለሁ የሚል ሻጭ ካጋጠመ ማለፉ ይሻላል።

ያለ ናኖም ግን ዛሬውኑ የሚሠራ ዘዴ አለ። በቤይሩት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ አፍቲም ዐክራና ባልደረቦቻቸው በ1980 እንዳሳተሙት፣ በሚያሳልፍ ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ ፀሐይ ላይ ሲውል ጀርሙ ይሞታል። ዘዴው በኋላ በብዙ አገር ተሞክሮ በዓለም ጤና ድርጅት ዘንድም ተቀባይነት አግኝቷል። ያልተጫጫረና ቀለም የሌለው፣ ከ2 ሊትር ያልበለጠ የሃይላንድ ጠርሙስ ይታጠባል፤ ወረቀቱ ይላጣል። ውሃው ደፍርሶ ከሆነ መጀመሪያ ይረጋና ይጠለላል፤ ከጠርሙሱ ሥር የተቀመጠ የጋዜጣ ርዕስ ከላይ ሲታይ የማይነበብ ከሆነ ገና ነው። ከዚያ ጠርሙሱ ቆርቆሮ ላይ ተጋድሞ ለ6 ሰዓት ፀሐይ ይመታዋል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት የወጣ ጠርሙስ ዐስር ሊደርስ ሲል ይወርዳል ማለት ነው። ከግማሽ በላይ የሰማዩን ደመና ከሸፈነው 2 ተከታታይ ቀን ያስፈልጋል። ዝናቡ በማያቋርጥበት ሰሞን ግን ዘዴው አይታመንም፤ ያን ጊዜ ማፍላት ወይም እንደ ውሃ አጋር ያለ ክሎሪን መጠቀም ነው። ውሃው የሚጠጣውም ከዚያው ጠርሙስ ቢሆን መልካም ነው፣ ወደ ሌላ ዕቃ ሲገለበጥ እንደገና ሊበከል ይችላል። የናኖ ቁስ ተመራማሪዎች የሚመኙት ይህንኑ ጠርሙስ ውስጡን በቀጭን የቲታኒየም ንጣፍ ቀብቶ 6ቱን ሰዓት ማሳጠር ነው።

በቡሬ የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ አለ፤ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ኬሚስትሪ የሚማሩ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችም አሉ። ይህን ሳይንስ ለመጀመር ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አያስፈልግም። ጥቂት ዚንክ ኦክሳይድ፣ ጠብታ ሜቲሊን ብሉ፣ ሦስት ተመሳሳይ ብርጭቆና የቀትር ፀሐይ ይበቃል። በአንዱ ብርጭቆ ቀለሙ ብቻ ፀሐይ ላይ ይቀመጣል፤ በሁለተኛው ቀለሙና ዱቄቱ ፀሐይ ላይ፤ በሦስተኛው ቀለሙና ዱቄቱ በጨርቅ ተሸፍኖ ጨለማ ውስጥ። ኬሚካሉ እንዳይነካና እንዳይቀመስ መምህር አጠገብ ይኑር። ከአንድ ሰዓት በኋላ ዱቄቱ እስኪረጋ ተጠብቆ ሦስቱ ጎን ለጎን ይታያሉ። ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ ሦስተኛውን ብርጭቆ ይዘሉታል፤ ዋናው ግን እርሱ ነው። ጨለማ ውስጥ የቆየውም እንደ ሁለተኛው ከደበዘዘ ቀለሙን የወሰደው ብርሃኑ አይደለም፣ ዱቄቱ ገጹ ላይ አጣብቆት ብቻ ነው።